የሊቀመንበሩ መጽሐፍ፣ እስከ ሰማንያ ስድስት

«መጽሐፉ ግን ጥሩ ነው?» አለችኝ ጠጋኟ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ።

«ሰማንያ አራተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ» አልኳት።

«እሱን መች ጠየቅኩሽ?»

እውነቷን ነው፣ እሱን አልጠየቀችኝም። ለጠየቀችኝ ግን ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስንት ገጽ እንደደረስኩ ነው። መምህሩ እንደዚያ ይለኛል፣ ልጄ እንደዚያ ትለኛለች፣ የሆስፒታሉ በር ጠባቂ ሳይቀር ቦርሳዬን ሲፈትሽ መጽሐፉን ያይና «ዛሬስ ስንት ደረሰ?» ይለኛል። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው የእኔ ጉዳይ መሆኑን የነገረኝ የለም። መድኃኒት ሲሰጡሽ ጣፈጠሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ? ይዋጣል እንጂ። እኔም እየዋጥኩት ነበር፤ በቀን ስምንት ገጽ፣ አንድም ቃል ሳልዘል። ጠጋኟ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች።

የምንሠራው ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። ሦስት ትልልቅ ማጠቢያ መኪኖች አሉ፤ አንደኛው ከተበላሸ ዘመን ስለሆነው ባልዲ ማስቀመጫ አድርገነዋል። ደም የነካው አንሶላ በቀይ ከረጢት ይመጣል፣ ሌላው በነጭ። እኔ እለያለሁ፣ እከታለሁ፣ በረኪና እለካለሁ፣ አወጣለሁ። እሷ ጥጉ ላይ ተቀምጣ የተቀደደውን ትጠግናለች። አንዱ እጥበት አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ለእኔ አንድ እጥበት ማለት ሁለት ገጽ ማለት ነው። እንግዲህ መጽሐፉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ስለሆነ፣ የዚያን ቀን ጠዋት የቀረኝ ስድሳ አራት እጥበት ነበር። የትምህርታችን የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ቀጠሮ ደግሞ በዚያው ቀን፣ በስምንት ሰዓት።

ጭንቀቱ የጀመረኝ ከቤት ነው። ልጄ እኔ ከመነሳቴ በፊት ተነስታ ቀሚሴን ስትተኩስ አገኘኋት። የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቁም ሳጥኑን መሐል ላይ አቁመን ሁለት አድርገነዋል፣ በበሩ በኩል ያለው የእኔ ነው፣ በመስኮቱ በኩል ያለው የእሷ። እዚያው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራለች። የአንሶላ ክፍል መዝጋቢዋ ጡረታ ስትወጣ የሰው ኃይል ኃላፊውን ለምና «እናቴ ማንበብና መጻፍ ተምራለች» ያለችልኝ እሷ ናት። ኃላፊውም «ወረቀቷን ታምጣ» ብሏል። የአንሶላ ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ወንበር አለው፣ መስኮት አለው፣ በረኪና የለውም። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ «ከበረኪና ራቂ» ካለኝ ሁለት ዓመት ሆነ። እኔ ልርቅ ብዬ ነበር፣ በረኪናው ነው ከእኔ ያልራቀው።

«እማዬ» አለች ካውያውን አቁማ፣ «የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ አንብቢና ቁጭ በይ። ሌላ ነገር እንዳትናገሪ።»

«መሐሉን ቢጠይቁኝስ?»

«ማንም አይጠይቅሽም። የጻፉት ሊቀመንበር ራሳቸው መሐሉን የሚያስታውሱት አይመስለኝም።»

«አልጨረስኩትማ። ጨርሻለሁ ብዬ ልዋሽ ነው?»

«ማን ጨረሰና ነው?» አለችኝ። ቀሚሱን አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ተኮሰችው። ስንወጣ ሻይ ቤቱ በር ላይ ዳቦ በሁለት ብር መጨመሩን አይታ «ወይ ጉድ» አለች፤ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ የተነጋገርነው ይኸው ነው።

ስለ መጽሐፉ ልንገራችሁ። የጎልማሶች ትምህርቱን አዳራሽ የሚከራዩልን፣ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዙልን የኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ይህን አልክድም። እሳቸው ታዲያ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው አሳትመዋል። በዓመቱ መጨረሻ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ይሰጠናል፤ የጨረሰ ተማሪ ሰው በተሰበሰበበት ፊት ለፊት ቆሞ የመጨረሻውን ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ይጨበጨብለታል፣ እሳቸው ወረቀቱ ላይ ይፈርማሉ። ሥርዓቱ ይኸው ነው። ስለዚህ መምህሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስጠናን ያቺን የመጨረሻ ገጽ ነው። አብረውን የሚማሩት፣ ጋሼ ፊሽካ የምንላቸው ሽማግሌ ዘበኛ በቃላቸው ወጥተዋታል፤ አውቶቡስ ውስጥ ሲሏት ሰምቻቸዋለሁ። ሌላዋ ተማሪ፣ ዳቦ ሻጯ፣ ደግሞ ያቺን አንዷን ገጽ ከመጽሐፉ ገንጥላ ጡቷ ሥር ይዛ ነበር የምትዞረው። «የቀረውስ?» ብላት «ለዳቦ መጠቅለያ ይመቻል» አለችኝ።

እኔ ግን እንደዚያ አልሆነልኝም። መጽሐፍ ከመጀመሪያው ነው የሚጀመረው ብዬ ሽፋኑን እንደገለጥኩ ያገኘሁትን ማንበብ ጀመርኩ። አራት ቀን ሙሉ ያነበብኩት የማተሚያ ቤቱን አድራሻና ስልክ ቁጥር፣ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለውንና ከዚያ በታች ያለውን ረጅም ቁጥር ነበር። ታሪኩ ምነው ከበደኝ እያልኩ ስልኩን በቃሌ ያዝኩት። ልጄ አይታኝ እስክታነባ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅኩ። «ይሄ ይዘለላል እማዬ» አለችኝ። የሚዘለል ነገር በመጽሐፍ ውስጥ መኖሩን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ሌላውን ግን ማንም ዝለይው ስላላለኝ አልዘለልኩትም።

ከስልክ ቁጥሩ በኋላ ያለውም ብዙ አልተሻለም። ሰውየው ይሾማሉ፣ ይዛወራሉ፣ ደግሞ ይሾማሉ። በየምዕራፉ አዲስ ጠረጴዛ ይመጣል። ጠረጴዛው ከምን እንጨት እንደተሠራ፣ ስንት መሳቢያ እንዳለው፣ ማን መጥቶ ፊቱ እንደቆመ ይጻፋል። የቆመው ሰው ምን ሊል እንደመጣ አይጻፍም። እያነበብኩ እንቅልፍ ሲጥለኝ ጥፋቱን በራሴ ላይ አደርገው ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ፊደል ሳታውቂ ኖረሽ፣ አሁን ሰው ሕይወቱን ከፍቶ ሲያሳይሽ ታንቀላፊያለሽ ብዬ ራሴን እቆጣለሁ። የሚሰለች መጽሐፍ የሚባል ነገር ያለ አልመሰለኝም። የምትሰለች ሴት ናት ያለችው፣ እሷም እኔ።

ጠጋኟ ያን ጥያቄ ከጠየቀችኝ በኋላ አንደኛውን መኪና ሞልቼ አስነሳሁ። የታጠፉት አንሶላዎች ክምር ላይ ተቀምጬ መጽሐፉን ገለጥኩ።

«እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለችኝ። «ስፌቱን ሳልተው እሰማሻለሁ።»

ሰማንያ አምስት አዲስ ጠረጴዛ አልነበረበትም። ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሰውየው ገና ተማሪ ናቸው፣ ዕረፍት ላይ ናቸው፣ ጓደኞቻቸው ቤት መጥተዋል። ደስ አለኝ። «ይኸው እየጣፈጠ መጣ» አልኳት። ከዚያ ሰማንያ ስድስትን ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩ፦

«አንድ ቀን ሠራተኛችን ከቤተሰቧ የመጣ ደብዳቤ ይዛ ወደ እኔ ቀረበች። ፊደል የማትለይ ነበረችና እንዳነብላት ለመነችኝ። ደብዳቤው የወንድሟን ሠርግ የሚያበስር ነበር። እኔ ግን ለቀልድ ያህል ፊቴን አጨፍግጌ እናቷ መሞቷን አነበብኩላት። እየጮኸች ወደ ጓዳ ሮጠች። ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጓዟን ጠቅልላ ሄደች። ይህን ትዝታ ከወንድሞቼ ጋር በተገናኘን ቁጥር እያነሳን እስከ ዛሬ እንስቃለን።»

የስፌት መኪናው ቆሟል። መቼ እንደቆመ አልሰማሁም።

«ከዚያስ?» አለች ጠጋኟ።

ሰማንያ ሰባትን ገለጥኩ። የትምህርት ቤት ጉብኝት ነው። ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና፣ መቶ። ዓይኔን በየገጹ ላይ እንደዚያ ያስሮጥኩት የመጀመሪያዬ ነው፤ «ሠራተኛችን» የሚለውን ቃል ብቻ ፍለጋ። እጥበቱ አለቀ፣ መኪናው ጮኸ፣ አልተነሳሁም። ጠጋኟ ተነስታ አጠፋችው። እስከ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሄድኩ። ጠረጴዛዎቹን አየሁ፣ ፎቶግራፎቹን አየሁ።

«የለችም» አልኳት።

«ሳትሞትባት እናቷን ያለቀሰች ሴት» አለች። «ቤት ስትደርስ እናቷ በር ላይ ቆማ ስታያት አስቢው።»

«ደርሳ ከሆነ።»

«እሱም አለ» አለች። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ክሩን በመርፌው ልታሾልክ ሞከረች፣ ሁለት ጊዜ ሳተችው። «በስምንት ሰዓት እመጣለሁ» አለችኝ። «ተማሪ አይደለሽም ካሉኝ በር ላይ እቆማለሁ።»

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሆነ በስድስት ሰዓት ወጣን። ልጄ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ጠበቀችኝ። ቀሚሴን ሽንት ቤት ገብቼ ቀየርኩ፤ እሷ ፀጉሬን በእርጥብ እጇ አስተካከለች። በእግር እየሄድን ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«ከሃምሳ ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው፣ እማዬ። ልጅ ነበሩ።»

«የጻፉት ግን አሁን ነው።»

«አንቺን ምን አገባሽ? ወረቀትሽን ተቀብለሽ መውጣት ነው። ደረትሽን አስቢ። ሌሊት ስታስይ የምሰማው እኔ ነኝ።»

ይህን ስትል ፈራሁ፣ አልዋሽም። ለእኔ ብላ ነው የምትለው። እዚያ ኃላፊ ፊት ቆማ ስትለምን ምን ያህል እንዳነሰች አውቃለሁ፤ ሰው መለመን እንደ እናቷ ነው የምትጠላው። ያን የአንሶላ ክፍል መስኮት ስንት ጊዜ በሐሳቤ ተቀምጬበታለሁ። ግን ሌላ ነገርም ነበር፣ ለእሷ ነግሬያት የማላውቀው። እሷ የአራት ወር ልጅ ሆና አዝያት ሳለሁ ከታላቅ እህቴ ደብዳቤ መጥቶልኝ፣ ባለሱቁ አነበበልኝ። «ሁሉም ሰላም ነው፣ ሕፃን ይዘሽ እንዳትቸገሪ፣ አትምጪ» ይላል አለኝ። አልሄድኩም። እህቴን ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋትም። ባለሱቁ ደግ ሰው ነበር። ይመስለኛል። ደብዳቤው በየቤቱ ስንዞር ጠፋ እንጂ ዛሬ ቢኖር ራሴ አነበው ነበር። ይህን እዚያ መንገድ ላይ ለልጄ ልነግራት አፌን ከፍቼ፣ ሰዓቷን ስታይ ተውኩት።

አዳራሹ ጠባብ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ያለ መደገፊያ ስለሆኑ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። ፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ፣ ሊቀመንበሩ ከኋላው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሽማግሌ ናቸው። ከመቀመጣቸው በፊት ሁላችንንም ዞረው ጨብጠዋል። ክፉ ሰው ይመስሉ ቢሆን ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር። ወረቀቱን ስቀበል ሊያይ የመጣው የሰው ኃይል ኃላፊ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፣ ልጄ ከአጠገቡ። ጠጋኟ እንዳለችው በር ላይ ቆማለች፣ የሥራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።

መጀመሪያ ጋሼ ፊሽካ ተጠሩ። መጽሐፉን በክብር ከፍተው ማንበብ ጀመሩ፤ እያማረላቸው ሄዶ ሄዶ፣ ገጹን ገልጠው የመጽሐፉ ጀርባ ላይ ሲደርሱ እንኳ ንባባቸውን አላቆሙም። ዳቦ ሻጯ ከጎኔ ሆና በክርኗ ጎሰመችኝ። «ሽፋኑን እያነበቡት ነው» አለችኝ በጆሮዬ። ተጨበጨበ፣ ተፈረመ፣ ወረቀታቸውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ተቀመጡ። ሁለተኛ እኔ ተጠራሁ።

መምህሩ የመጨረሻውን ገጽ ከፍቶ ሰጠኝ። እኔ መልሼ ዘጋሁት።

«አልጨረስኩትም» አልኩ። «አልጨርሰውምም።»

መምህሩ፣ ምስኪን፣ ፊቱ ቀላ። ሊቀመንበሩ ግን ፈገግ አሉ። «አይዞሽ እህቴ» አሉኝ። «የቱ ቃል ነው የከበደሽ?»

«ቃሉ አልከበደኝም ጋሼ። ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር ጀምሬ እስከ ሰማንያ ስድስት አንድ ሳልዘል አንብቤዋለሁ። አልወደድኩትም።»

አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ወደ ሳል ቀየረው። እሳቸው እጃቸውን ጨርቁ ላይ አጣምረው «መጽሐፍ እኮ ተጨርሶ ነው የሚፈረድበት» አሉኝ፣ እንደ አባት። «አሁን ብትተይው ያለፈው ድካምሽ ሁሉ ከንቱ ሊቀር ነው። መጨረሻው ላይ ብዙ ቁም ነገር አለ።»

«ያቺ ልጅ መጨረሻው ላይ አለች?»

«የትኛዋ ልጅ?»

ምን እንደማወራ በእውነት አላወቁም። አስመስለው እንዳልሆነ ከፊታቸው አየሁ። ስለዚህ ሰማንያ ስድስትን ገለጥኩና ጣቴን አስቀምጬ አነበብኩላቸው። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ «አጨፍግጌ» የሚለው ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ ጀመርኩት። ግማሽ ላይ ስደርስ እሳቸው ታሪኩን አስታውሰው ከንፈራቸው በሳቅ ፈታ አለ፤ ከዚያ ቀና ብለው አዳራሹን አዩ። በየአግዳሚው ላይ ያለነው ሁላችንም በሰው አፍ ደብዳቤ ያስነበብን ሰዎች ነን። ማንም አልሳቀም። «እስከ ዛሬ እንስቃለን» የሚለውን ጨርሼ መጽሐፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«በወጣትነት የተደረገ ጨዋታ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ትንሽ ቀጥኖ።

«ይሁን ጋሼ። ስሟን ያስታውሳሉ?»

የጠረጴዛውን ጨርቅ እጥፋት በጣታቸው አስተካከሉ። ወደ ሁለተኛው ረድፍ አየሁ፤ ልጄ መሬት መሬቱን ታያለች። ኃላፊው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር አላት፤ ራሷን ነቀነቀች።

«እማማ» አለኝ መምህሩ በልመና ድምፅ፣ «ሥርዓቱ የመጨረሻው ገጽ ነው። ያቺን ብቻ ያንብቡልንና ይለቅ። በሚገባ ያነባሉ፣ እኔ እመሰክራለሁ።»

«እንግዲያው አንተ ፈርምልኝ» አልኩት።

ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። እሳቸው እስክሪብቶውን ከድነው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቁጣ አላሳዩም፣ ይህን መመስከር አለብኝ። «ሥርዓት ሥርዓት ነው» አሉ። «ያልጨረሰ ወረቀት የለውም። ለማንም አላዳላም። ፎቶግራፍ አንሺው ሌላ ቦታ ቀጠሮ ስላለው፣ መጽሐፉን ያልጨረሳችሁ ካላችሁ ወጣ በሉና የጨረሱት ተሰልፈው ይነሱ።»

ይህን ያሉት እኔን ብቻ ለማስወጣት ነበር። ግን ከእኔ ሌላ ከመጨረሻው ገጽ በቀር ያነበበ አልነበረም፤ ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዳቦ ሻጯ ደረቷ ውስጥ እጇን ሰደደች፣ ያቺን የታጠፈች ገጽ አውጥታ አግዳሚው ላይ አኖረቻት። «እኔም አልጨረስኩም» አለች። «እንደሷ እንኳ አልጀመርኩትም።» ተነሳች።

አሥራ ሦስት ተማሪዎች ነበርን። አምስታችን ወጣን፣ ስምንቱ ቀሩ። ጋሼ ፊሽካ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀሩ፤ ሳልፋቸው ቀና አላሉም። መምህሩ ቀረ። ጠጋኟ ተማሪ ሳትሆን ከእኛ ጋር ወጣች። ልጄ ከኃላፊው አጠገብ ቀረች።